ባሕር ማዶ ያየነውን ለማን ነገርነው?

የጎጃም ሰዎች፣ በተለይ «ለገበሬው እንቆረቆራለን» እያልን ለልምድ ልውውጥ አውሮፓ ደርሰን የመጣን፣ ዛሬ ልንወቃቀስ ይገባል። ሄድን፣ አየን፣ የንፋስ ተርባይን ሥር ቆመን ፎቶ ተነሣን። ተመልሰን ምን አወራን? የተርባይኑን ቁመት፣ የአስፋልቱን ጥራት፣ የላሞቹን ወተት። ለዚህ ነው እንዴ የተላክነው?

ዴንማርክ ውስጥ ሳምሶ የምትባል ደሴት አለች። 4 ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርባት፣ ድንች የሚበቅልባት አገር ናት። በ1997 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የመንግሥት ውድድር አሸንፋ ከነዳጅ ለመላቀቅ ተነሣች። ሶረን ሄርማንሰን የሚባል የዚያው ደሴት የገበሬ ልጅ ጎረቤቶቹን እየሰበሰበ፣ ቡና እየተጠጣ፣ ለዓመታት ተከራከሩ። በመጨረሻ የብስ ላይ ከተተከሉት 11 ተርባይኖች 9ኙ የገበሬዎች የግል ሆኑ፣ 2ቱን ደግሞ ነዋሪው አክሲዮን ገዝቶ በጋራ ያዛቸው። ሰውየው በመስኮቱ አሻግሮ ሲሽከረከር የሚያየው የራሱን ገንዘብ ነው፣ ለዚያ ነው ድምፁ ረበሸኝ የማይለው። ከማሳው የተረፈው ገለባም አንድ ቦታ ይነድና ውሃ ያሞቃል፣ ውሃው በቧንቧ ቤት ለቤት ይሄዳል። ከቁመቱ በፊት መነገር የነበረበት ይኼ ነበር፤ ንብረቱ የማን ነው የሚለው።

ጥፋታቸውንም ደብቀናል። ጀርመን በ2000 (ይህም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ባወጣችው ሕግ ከታዳሽ ምንጭ ኤሌክትሪክ ለሚያመርት ለ20 ዓመት የማይነካ ዋጋ ሰጠች፣ ገበሬውም ባዮጋዝ፣ ማለት እበትና የሰብል ትራፊ ታፍኖ የሚቀጣጠል ጋዝ የሚያወጣበትን ጣቢያ ገነባ። ግን ዋጋው ሲጥም እበቱ ቀረና ማሳው በቆሎ ለበሰ፣ ለሰው አፍ ሳይሆን ለጋዝ። በ2012 አዲስ ጣቢያ ከሚጠቀመው ውስጥ በቆሎና እህል ከ60 በመቶ እንዳይበልጥ ገደቡት። ይህን ሰምተን አዊ ውስጥ ፋግታ ለኮማ ላይ የእህል ማሳ ዲከረንስ በሚባለው የከሰል ዛፍ ሲሸፈን ዝም አልን! ዲከረንሱ ለአዊ ገበሬ ብር አምጥቷል፣ ያንን አልክድም። ግን ቤተሰብ ሙሉ በአንድ ዛፍ ከሰል ላይ ሲንጠለጠል፣ ዛፉን በሽታ የያዘው ዕለት ምን እንደሚውጠው እናንተም ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ ቤታችን። ደምበጫ አካባቢ አክስቴ ጓሮ ግድግዳው ላይ ኩበት በረድፍ ተለጥፏል፣ የአምስት ጣት አሻራ በየአንዱ ላይ። ያ ሁሉ ፍግ ነበር። ምድጃ ውስጥ ይገባል፣ ዓይኗን በጭስ ያቃጥላል፣ ከዚያ ክረምት ሲመጣ ልጇ ተበድሮ ማዳበሪያ ይገዛል። መሬቱ አሲድ ሆኗል፣ ኖራ ፈልጉ ይባላል። የራሳችንን ፍግ አንድደን መሬቱ ከዳን እንላለን!

ከአጥሩ ማዶ የባዮጋዝ ጉድጓድ አለ፣ ተቆፍሮ፣ ተገንብቶ፣ ለሁለት ዓመት ሠርቶ የቆመ። አራት ከብት ያለው ቤት እበትና ውሃ እኩል እየበጠበጠ ቢያስገባ ወጥ ይሠራበታል፣ ቡና ያፈላበታል። «እንጀራ አይጋግርም» ትላላችሁ፣ እውነት ነው፣ ምጣዱ ላይ ገና ብዙ ሥራ ይቀራል። ግን ይኼኛው የቆመው በእንጀራ አይደለም፤ አንድ የጋዝ መክፈቻ ተሰበረ፣ የሚጠግን ጠፋ፣ የተከለው ፕሮጀክት ሪፖርቱን ጽፎ ሄዷል። ከጉድጓዱ የሚወጣው ዝቃጭ ይፈስስበት የነበረው የጎመን መደብ ዛሬም ከሌላው ይለያል፣ ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ነው። አክስቴ በአጥሩ ቀዳዳ አሳየችኝ። እኔ ይህን ለማየት ኮፐንሃገን ድረስ መሄድ አልነበረብኝም፣ እሷን ግን ማንም ጠይቋት አያውቅም።

እንግዲህ በየማኅበሩ፣ በየዩኒየኑ የተቀመጣችሁ፣ የሚቀጥለው ጉዞ ስም ዝርዝር ሲወጣ ኩበት የምትጠፈጥፈዋ ሴት ትጻፍ፣ አስተርጓሚም ይመደብላት። ከዚያ በፊት ግን ለዚያች መክፈቻ የሚሆን ብር አዋጡና የቆመውን ጉድጓድ አስነሡት፤ የሚሸጥባት ሱቅ ባሕር ዳር አለ፣ ጠይቄያለሁ።