ያን ሳምንት ማን ምን ወሰነ? የደሴ ሰው ሊነገረው ይገባል

ጥቅምት 19 ቀን 2014 ዓ.ም. ማታ ደሴ ቤታችን ውስጥ 11 ሰዎች ነበርን። እናቴ፣ እህቴ ከነልጆቿ፣ ከወልድያ ተፈናቅለው የመጡት የአክስቴ ቤተሰቦች። መብራት የለም። ከኩታበር በኩል የከባድ መሣሪያ ድምፅ ይመጣል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይመጣል። ሁላችንም የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። እንውጣ ወይስ እንቆይ?

የሚነግረን አጣን። መሥሪያ ቤት ለሚሠራ አንድ የማውቀው ሰው ደወልኩ። «ተረጋጉ፣ ምንም የለም» አለኝ። ሌላው ደግሞ ራሱ ደውሎ «የእኔ ቤተሰብ ወጥቷል» አለ። ጎረቤታችን ሐጂ ባትሪያቸውን እያበሩ መጡ። «አብሽሩ፣ አላህ አለ» አሉን። ቀጥለው እናቴን ለብቻ ጠሩና «ልጆቹን አውጪ፣ የኔ እህት» አሏት።

ሊነጋጋ ሲል ወጣን። ሐጂ ቀሩ። ሐረጎን በእግር ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ የኮምቦልቻም ሰው ዕቃውን እየጫነ ነበር። ደሴ ተያዘች፣ አልተያዘችም የሚሉ መግለጫዎች በአንድ ቀን ሲወጡ እኛ መንገድ ላይ ነበርን።

ይህን የማነሳው ሠራዊቱ ለምን አፈገፈገ ብዬ አይደለም። ጦርነት ውስጥ ቦታ ይለቀቃል፣ ቦታ ይያዛል። የእኔ ጥያቄ በዚያ ሳምንት በየቀኑ ስለተወሰነው ነገር ነው። ማን ወሰነ? በምን መረጃ? «ለከተማው ሰው እንንገረው ወይ?» ብሎ የጠየቀ ነበር? ዓመታት አለፉ። የነገረን የለም። ሊነገረን ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ የማምነውም ደሴ ይህን ነገር ከማንም በላይ ስለምታውቀው ነው።

ከዚያ 86 ዓመት በፊት የአገሪቱ የጦርነት ውሳኔ የሚወሰነው እዚሁ ደሴ ላይ ነበር። የጣሊያን ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻገረ። አፄ ኃይለ ሥላሴ በኅዳር ከአዲስ አበባ ተነሥተው ደሴ ገቡ፤ ዋና ማዘዣቸውንም እዚህ አደረጉ። ለምን ደሴ እንደተመረጠች ካርታ ያየ ሰው ይገባዋል። ወደ ሰሜን ራሶቹ አሉ፤ ራስ ካሳ፣ ራስ ሥዩም፣ ራስ እምሩ፣ ራስ ሙሉጌታ። ወደ ደቡብ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ አዲስ አበባ አለች። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴና የውጭ መንግሥታት ወኪሎች ያሉት እዚያ ነው። ከዚያ ወዲያ ጄኔቫ አለች፣ የመንግሥታቱ ማኅበር። ደሴ ላይ የተቀመጠ መሪ በአንድ ጠዋት ለተምቤን ትእዛዝ፣ ለጄኔቫ ቴሌግራም ማሰብ ነበረበት።

ከዚያ ጊዜ ጥቂት ቀናትን ብቻ ልውሰድ። ለእኔ ብዙ ነገር የሚናገሩት እነሱ ናቸውና።

ኅዳር 8 ቀን የመንግሥታቱ ማኅበር በጣሊያን ላይ የጣለው ማዕቀብ ሥራ ላይ ዋለ። ነዳጅ ግን አልተካተተም። ማዕቀቡ በጀመረ በ18ኛው ቀን፣ ኅዳር 26፣ በዚያው ነዳጅ የሚበሩ አውሮፕላኖች ደሴ ሰማይ ላይ መጡ። ቦምብ ዘነበ። ቤት ተቃጠለ፣ ሰው አለቀ። የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታልም ተመታ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ፀረ አውሮፕላን መትረየስ ይዘው ተኮሱ። ፎቶግራፉን ብዙዎቻችን አይተነዋል፤ በየቤቱ ግድግዳ ላይም ተሰቅሎ ኖሯል።

ስለዚያ ቀን ሲወራ የሚነሳው መትረየሱ ነው። እኔን የሚይዘኝ ከመትረየሱ በኋላ የተሠራው ሥራ ነው። ጭሱ ሳይጠፋ የተቃውሞ ቴሌግራም ወደ ጄኔቫ ሄደ። ከተማው ውስጥ የነበሩ የውጭ አገር ሐኪሞችና ጋዜጠኞች ያዩትን መስክረው ፈረሙ። ወታደሩ በሚተኩስበት ሰዓት ሌላው ማስረጃ እየሰበሰበ ነበር ማለት ነው።

ሁለት ቀን አለፈ። ኅዳር 28 ፓሪስ ውስጥ የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሙኤል ሆርና የፈረንሳዩ ፒየር ላቫል ተስማሙ። የስምምነታቸው ፍሬ ነገር ኢትዮጵያ መሬቷን እንድትሰጥ ነው። ከትግራይና ከኦጋዴን ሰፊ መሬት ለጣሊያን፣ በደቡብ ደግሞ ጣሊያን በኢኮኖሚ የምታዝበት ትልቅ ክልል። ለኢትዮጵያ በምትኩ በአሰብ በኩል ወደ ባሕር የምትወጣበት ቀጭን መተላለፊያ። የአሰብ መኪና በባቲ በኩል ሲያልፍ እያየ ላደገ የኮምቦልቻ ሰው ይህ ስም ቀላል ስም አይደለም።

ሐሳቡ ደሴ ደረሰ። ቦምብ የወደቀባት ከተማ ውስጥ ተቀምጦ እሺ ወይም እምቢ ማለት መጣ። ይህ የጦር ውሳኔ ነው ወይስ የዲፕሎማሲ? ሁለቱንም ነው። እሺ ቢባል ግንባር ላይ ያለው ሰው ለምን ይሞታል? እምቢ ቢባል ደግሞ ግንባሩ መያዝ አለበት። ግንባሩ እንዲይዝ የጣሊያን ነዳጅ መቆም አለበት። ነዳጁን የሚያቆሙት ደግሞ ያን ሐሳብ ያመጡት እንግሊዝና ፈረንሳይ ናቸው። መልሱ እምቢ ሆነ። በእነዚያው ቀናት የራስ እምሩ ጦር ተከዜን ተሻግሮ ደምበጉይና ላይ ጣሊያንን ወደ ኋላ ገፍቶ ነበር። ለንደን ላይ ሕዝቡ ተቆጣ፤ ሆር ታኅሣሥ 8 ሥልጣኑን ለቀቀ። ሐሳቡም ሞተ። ነዳጁ ግን አልቆመም። በዚያው ታኅሣሥ ጣሊያን የመርዝ ጋዝ ማፍሰስ ጀመረች። ከኢትዮጵያ በኩል ሌላ የተቃውሞ ቴሌግራም ሄደ።

የዚያ ጊዜ አሠራር ፍጹም ነበር አልልም። ሬዲዮው ጥቂት ነበር። ያለውንም ጣሊያኖች ይጠልፉት ነበር። አንዱ ራስ የሌላውን ሁኔታ በጊዜ አያውቅም። በየካቲት ግንባሩ በየተራ ሲፈርስ መረጃ ትእዛዝን አልቀደመም፣ ትእዛዝም ሽንፈትን አልቀደመም። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ኮረም ሄዱ። መጋቢት 22 ማይጨው ሆነ። በ15ኛው ቀን፣ ሚያዝያ 7፣ ጣሊያን ደሴን ያለ ውጊያ ያዘ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ እንዴት አወቅነው? ስለተጻፈ ነዋ። ቴሌግራሞቹ ተቀምጠዋል። ሐኪሞቹ ጽፈዋል። ንጉሠ ነገሥቱም በኋላ የራሳቸውን ታሪክ ሲጽፉ ደብዳቤዎቹን አስገብተዋል። ንጉሡ ወደ ጄኔቫ ይሂዱ ወይስ አገር ውስጥ ይዋጉ ተብሎ አዲስ አበባ ላይ ምክር ሲደረግ ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት እንደተቃወሙ ዛሬም እናውቃለን። በዚያ ውሳኔ እስካሁን እንከራከራለን። መከራከር የቻልነው ግን ማን ምን እንዳለ ስለምናውቅ ነው።

አሁን ወደ 2014 ልመለስ።

ጥቅምት 23 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በዚያው ዕለት አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ እንደምታስወጣ አስታወቀች። አጎዋ ማለት ከቀረጥ ነፃ የአሜሪካ ገበያ ነው። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2009 ሲመረቅ የብዙ ወጣት ተስፋ የነበረው ይህ ገበያ ነው። ማስታወቂያው የወጣ ቀን ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ነበረች። ስለዚህ የኮምቦልቻ ሰፊዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ ፋብሪካቸውን በጦርነቱ፣ ገበያቸውን በዲፕሎማሲው አጡ። ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ እገዳው ሥራ ላይ ዋለ። የአንዲት ሰፊ ደመወዝ የጦር ጉዳይ ነው ወይስ የውጭ ጉዳይ? እሷ ዘንድ አንድ ነው። ውሳኔ የሚያሳልፈው ሰው ዘንድም አንድ መሆን ነበረበት።

በኅዳር የአፍሪካ ኅብረቱ ልዑክ ኦሉሴጉን ኦባሳንጆና የአሜሪካው ጄፍሪ ፌልትማን ይመላለሱ ነበር። ኤምባሲዎች ዜጎቻቸውን ከአዲስ አበባ ውጡ ይሉ ነበር። ይህን ስሰማ ደብረ ብርሃን ነበርኩ፤ ልቤ በጣም አዘነ። ገና ያልተደረሰበት ከተማ ውስጥ ያለ የውጭ ዜጋ «ውጣ» የሚለው አካል አለው። የእናቴ ኤምባሲ ሐጂ ነበሩ።

ኅዳር 13 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ወደ ግንባር እንደሚሄዱ አስታወቁ። የዕለት ተዕለቱን የመንግሥት ሥራ ምክትላቸው አቶ ደመቀ መኮንን እንደሚመሩት ተነገረ። ኅዳር 27 ደሴና ኮምቦልቻ ተመለሱ። ተመልሰን ስንገባ ሆስፒታሉ ተዘርፎ፣ ዩኒቨርሲቲው ተዘርፎ አገኘነው። የሞቱብንን ቀበርን።

የምናውቀው ቀኖቹን ነው። ከተማዋ የተያዘችበትን፣ የተመለሰችበትን ቀን። በመካከል የተወሰነውን አናውቅም። ጥቅምት 23 ቀን 2015፣ አዋጁ በወጣ ልክ በዓመቱ፣ ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ። ያ ፊርማ ከአንድ ዓመት በፊት ለምን አልተቻለም? ምን ሐሳብ ቀርቦ ነበር? ማን እምቢ አለ? የ1928ቱን የፓሪስ ሐሳብ በዝርዝር ማወቅ ችያለሁ። በራሴ ዕድሜ፣ በራሴ ከተማ ላይ የሆነውን ግን አላውቅም።

ምስጢር ነው የሚሉኝ አሉ። የጦር ዕቅድ ምስጢር ነው፤ እስማማለሁ። የትኛው ክፍለ ጦር የት ይቆማል የሚለውን ማንም አልጠየቀም። «ሕፃናትና አቅመ ደካሞች በዚህ መንገድ ወደዚህ ይሂዱ» ማለት ግን ለጠላት ምን ይጠቅማል? ደሴ በዚያ ወር ከሰሜን ወሎ በተፈናቀለ ሰው ተሞልታ ነበር። ትምህርት ቤቶቹ መጠለያ ሆነው ነበር። አንዴ የሸሸ ሰው እንደገና ሲሸሽ ስንቅ የለው፣ ጉልበት የለው። የአክስቴ ባል ሐረጎ ላይ ተቀምጦ «አሁንስ አልሄድም» ያለውን መቼም አልረሳውም። ለምነን ነው ያስነሳነው።

ሕዝብ ይደናገጣል የሚሉም አሉ። ሕዝቡ ያኔም ተደናግጧል። የተደናገጠው ስላልተነገረው ነው።

የምጠይቀው ይህን ነው። መንግሥት ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ኅዳር 27 ድረስ ደሴንና ኮምቦልቻን በሚመለከት በየቀኑ የተወሰነውን፣ ምስጢር የሚባለውን ቀንሶ፣ ይክፈትልን። የመረጥናቸው የምክር ቤት አባላት ይህን በግልጽ ይጠይቁ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የነዋሪውን መዝገብ መሰብሰብ ይጀምር፤ ሁሉ ነገር ከአዲስ አበባ እስኪመጣ አይጠብቅ። ያዩት ሰዎች እያረጁ ነው። የ1928ቱን ኅዳር ያዩ የደሴ ሽማግሌዎች ሳንጠይቃቸው አልፈውብናል።

እኔ በዚያ መንገድ ላይ በእህቴ ልጅ የሒሳብ ደብተር ጀርባ ቀንና ሰዓት እጽፍ ነበር። 14 ገጽ ሆኗል። ከሐረጎ እስከ ደብረ ብርሃን ማን ምን እንዳለን፣ የቱ ኬላ ላይ ስንት ሰዓት እንደቆምን አለበት። ሐጂ ደግሞ ግድግዳቸው ላይ ባለው ካላንደር ከጥቅምት 20 እስከ ኅዳር 27 በየቀኑ አንድ መስመር ጽፈዋል። የተኩስ ድምፅ፣ የዱቄት ዋጋ፣ የተቀበረ ሰው ስም። ፎቶ አንስቼዋለሁ፤ ሐጂም ፈቅደዋል። የሚሰበስብ ካለ ሁለቱንም እሰጣለሁ።