ቤዥ ለብሳችሁ ኑ

እንኳን ደስ አላችሁ። አዲስ አበባ የፈጠራ ሰዎች ከተማ ሆናለች። ትንሽ ጥርጣሬ ነበረኝ፤ ባለፈው እሁድ ግን ሙሉ በሙሉ ለቀቀኝ።

መነሻው በቴሌግራም የደረሰኝ የልደት ጥሪ ነው። ልጁ አንድ ዓመት ሞላው። ቦታው ስታዲየም አካባቢ ያለ አዳራሽ። እስከዚህ ድረስ ሰላም ነው። ከሥር ግን «ድሬስ ኮድ፦ ቤዥ» የምትል መስመር አለች። ይህች መስመር ያልደረሰችው ሰው ካለ እጁን ያውጣ። አብራችሁኝ ተናደዱልኝ ብዬ ጊዜ አላባክንም። ተናዳችኋል።

ወሩ ሰኔ ነው። ከለገሃር ስታዲየም በእግሩ የሄደ ሰው ሰኔ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። በዚህ ወር እንግዳን ቤዥ ሱሪ ማስለበስ ራሱን የቻለ ፈጠራ ነው። አዳራሹ በር ላይ ስደርስ ሱሪዬ ከጉልበት በታች ቡና ሆኗል። በር ላይ የቆመችው ልጅ ከላይ እስከ ታች አየችኝና የመጨረሻው ጠረጴዛ ጋ ወስዳ አስቀመጠችኝ። ካሜራ የማይደርስበት ማለት ነው። ሥራዋን የምታውቅ ልጅ ናት።

ውስጡማ ምን ልበላችሁ! ከወለል እስከ ጣሪያ የተጠማዘዘ የፊኛ ቅስት። በመብራት የተጻፈ «ዋን»። ሰው የሚያክል ድብ። በየጠረጴዛው ብልቃጥ ውስጥ የቆመ የደረቀ ሣር። ልብ በሉ፣ ሣር ለምለም ሆኖ ወለል ላይ ሲጎዘጎዝ «ኧረ የገጠር አታስመስሉት» ይባላል። ደርቆ ብልቃጥ ሲገባ ዲኮር ነው፤ በሰዓት ይከራያል።

እናትየው ሐሳቡ ከየት እንደመጣላት ለእንግዶች ታስረዳለች። ሌሊት ድንገት ነው የመጣላት። ስልኳ ላይ። ስክሪንሻት አደረገችውና ለዲኮር ሠሪዋ ላከችው፤ «ልክ እንደዚህ፣ ምንም ሳይጎድል» ብላ። ዲኮር ሠሪዋ ለማሰብ አልተቸገረችም፤ ያንኑ ፎቶ በዚያው ሳምንት ሌሎች የፈጠራ ሰዎችም ልከውላታል። ድቡን እኔም አውቀዋለሁ። ግራ ጆሮው ትንሽ ተተርትሯል። ባለፈው ወር ቦሌ አንድ ልደት ላይ ተያይተናል። በዚህ ከተማ እንደ እሱ ብዙ ልደት ያከበረ ፍጡር የለም፤ አንዴም ግን ኬክ አልቀመሰም።

ለነገሩ ልጁም አልቀመሰም። ሦስት ፎቁ ኬክ ፎም ነው። ላዩን ክሬም ተቀብቶ ለፎቶ የሚቆም። ልጁ ይህን ስላላወቀ ጣቱን ሰደደ። አራት ሰው በአንድ ጊዜ ጮኸበት። የሚበላው ኬክ ጓዳ ነው ያለው፤ ቡኒ ነው አሉ፤ ለከለሩ ስለማይሆን ሳይታይ ተቆርጦ ታደለ።

አያቱ ድፎ ዳቦ ይዘው መጥተዋል። በኮባ የተጋገረ፣ ገና ትኩስ፣ ሽታው አዳራሹን የሞላ። ጠረጴዛ ሥር ገባ። እሳቸውም ነጭ ነጠላ ስለለበሱ ካሜራማኑ «እማማ፣ ትንሽ ወደዚህ… ትንሽ ደግሞ… በቃ እዚያው» እያለ በትሕትና ከፎቶው አስወጣቸው። እሳቸውም የመጨረሻው ጠረጴዛ ላይ ከእኔ ጋር ተቀመጡ። ጥሩ ጨዋታ አላቸው።

ምግቡም ቢሆን ተመስጦ ያልነካው የለም። እንጀራው ተጠቅልሎ፣ ተቆራርጦ፣ ስንጥር ተሰክቶበት ቀረበ። ዶሮ ወጡ በአረቄ መለኪያ ነው የመጣው። ዶሮ 12 ብልት አላት ብለው ያሳደጉን እናቶች መለኪያው ውስጥ የትኛው ብልት እንደሚገባ አላሰቡበትም። አያትየው መለኪያዋን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩ። «ቁሌቱ አልበሰለም» አሉ፤ ሳይቀምሱ። ቀምሼ አረጋገጥኩ። ሽንኩርቱ ጊዜ አልተሰጠውም። ቁሌት ደግሞ ሰዓታት ይፈልጋል፤ በሰዓታት የሚመጣ ነገር ደግሞ በፎቶ አይታይም። ታዲያ ማን ይለፋል?

ግን ልደት ምን አላት! የፈጠራችን ጫፍ የሚታየው በልጆች ትምህርት ቤት የፈጠራ ቀን ነው። የእህቴን ልጅ ጉዳይ ላጫውታችሁ። ረዘም ይላል፤ ቡና ይዛችሁ ተመለሱ።

ልጅቷ ኬጂ ናት። ከትምህርት ቤት ወረቀት ይዛ መጣች። «ልጅዎ ከወዳደቁ ዕቃዎች በራሷ እጅ አንድ የፈጠራ ሥራ ሠርታ ዓርብ ይዛ ትምጣ» ይላል። ልጅቷ በዚያው ማታ ሥራ ጀመረች። ሁለት ባዶ ክብሪት፣ አራት ቆርኪ፣ አንድ የእናቷ የፀጉር ማስያዣ። «ምንድን ነው?» አልኳት። «ታክሲ» አለችኝ፤ እንዴት አይታየውም በሚል ዓይን። «ረዳቱስ?» አልኩ። «መልስ ሳይሰጥ ወረደ።»

እኔ እስካሁን ከሰማኋቸው የአዲስ አበባ ታክሲ ትንታኔዎች ሁሉ የተሟላው ይኼ ነው። እናቷ ግን ደነገጠች። ስልኳን አነሳችና የክፍሉ እናቶች ግሩፕ ውስጥ ገባች። ወይ ጉድ! አንዷ ቤተ ጊዮርጊስን እያሠራች ነው። ሌላዋ የአክሱም ሐውልትን ከነመብራቱ። አንዱ አባት ድልድይ ጀምሯል፤ መሐንዲስ ነው፤ ለሁለት ቀን ፈቃድ ወስዷል። «ልጄን በቆርኪ ልታዋርዳት ነው?» አለችኝ እህቴ። ቆርኪውን እኔ የሰጠኋት ይመስል።

ወደ አራት ኪሎ ሄድን። ፎቶ ኮፒ፣ ጥራዝና የልጆች ፈጠራ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሸጥበት ሱቅ አለ። ባለሱቁ ቀና ሳይል «የኬጂ ነው የአንደኛ ደረጃ?» አለን። ልዩነቱን ጠየቅኩት። «ለኬጂ ትንሽ ጠመም እናደርገዋለን፤ ልጅ የሠራው እንዲመስል» አለ። ጠመም ማድረጉ ተጨማሪ ክፍያ አለው። ቀጥ ያለው ርካሽ ነው። እኛም ጠመም ያለ ቤተ ጊዮርጊስ አዘዝን።

ቤተ ጊዮርጊስ ከአንድ ዓለት፣ ከላይ ወደ ታች ተፈልፍሎ የወጣ ሕንፃ ነው። በትውፊት ቀን ሰዎች ሲፈለፍሉ ይውላሉ፤ ሌሊት ደግሞ መላእክት ይቀጥላሉ ይባላል። እኛ ይህን ወግ ጠብቀናል። ልጅቷ ሌሊቱን ተኝታ አደረች፤ መላእክቱ አራት ኪሎ ፎምና ኮላ ይዘው ሲሠሩ አደሩ። ጠዋት ሕንፃው ተጠናቆ ተገኘ። ተአምር ማለት ይኼ ነው።

ዓርብ ጠዋት ዝናብ ነበር። ቤተ ጊዮርጊስ በፌስታል ተጠቅልሎ ታክሲ ውስጥ የራሱ ወንበር ተከፈለለት። ልጅቷ የእናቷ ጭን ላይ ሆነች። እሷ በስብሳ፣ ሕንፃው ደርቆ ደረሱ። ክፍሉ ስንገባ አምስት ቤተ ጊዮርጊስ ተደርድሮ ጠበቀን፤ ከእኛው ጋር ስድስት። ስድስቱም ጠመም ብለዋል። ስድስቱም ወደ ግራ። ላሊበላ ላይ ያሉት ውቅር አብያተ ክርስቲያናት 11 ናቸው፤ ክፍሉ አምስት ልጅ ቢጨምር ኖሮ ጎብኚ እንቀበል ነበር።

መምህሯ ወደ እህቴ ልጅ ጎንበስ ብላ «የኔ ቆንጆ፣ እንዴት አድርገሽ ሠራሽው?» አለቻት። ልጅቷ እጇን ወደ ኋላ ደበቀች። «እኔ አልነካሁትም» አለች፤ የከሰሷት መስሏት። መነካት እንደሌለበት ከቤት ጀምሮ ስትመከር ነው የመጣችው። ሁላችንም ሳቅን። መምህሯም ሳቀችና «ጎበዝ» ብላ ኮከብ ለጠፈችላት። አንደኛ የወጣው የአክሱም ሐውልት ነው፤ ከነመብራቱ። ልጁ የሠራው ነገር ምን እንደሚባል ሲጠየቅ «አምፖል» አለ። ሽልማቱን አባትየው ተቀበለ። ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል፤ ይገባዋል። ድልድይ የሠራው መሐንዲስ ግን ውጤቱን አልተቀበለም። ይግባኝ ብሏል።

የቆርኪዋ ታክሲ ፍሪጅ ሥር ገብታለች። ረዳቱ አሁንም አልተመለሰም።

በነገራችን ላይ «ከወዳደቁ ዕቃዎች» የሚለውን ነገር በትክክል የሚሠራ ሰው ማየት የፈለገ መርካቶ ምን አለሽ ተራ ይሂድ። ቆርቆሮ የከሰል ምድጃ ሲሆን፣ ያረጀ ጎማ ጫማ ሲሆን ያያል። እዚያ ድሬስ ኮድ የለም።

ይህን ሁሉ እየሳቅኩ ማለፍ እችላለሁ። እሁድ ያየሁትን አንድ ነገር ግን አልችልም። የልደቱ ባለቤት ታላቅ ወንድም አለው፤ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። ከደብተር በተገነጠለ ወረቀት ላይ ሥዕል ስሎ መጥቷል። ጭንቅላቱ ከሰውነቱ የሚበልጥ ሕፃን፣ ከቤት የሚረዝም ኬክ፣ ሐምራዊ ውሻ። ፕላስተሩንም ራሱ ነው ያመጣው። ፊኛዎቹ መሐል፣ ልክ «ዋን» ከሚለው ሥር ለጠፈው። ዲኮር ሠሪዋ ፎቶው ከመጀመሩ በፊት ነቀለችው። «ከለሩ አይሄድም» አለች። እናትየው አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ልጁ «የት አደረጋችሁት?» እያለ ከአንዱ ወደ አንዱ ዞረ። የመለሰለት ሰው የለም።

ይኼ አያስቅም። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ለዚያ ሕፃን ተብለው የተሠሩ ሁለት ነገሮች ብቻ ነበሩ፤ ድፎውና ሥዕሉ። አንዱ ጠረጴዛ ሥር ነው፣ አንዱ ቦርሳ ውስጥ። የቀረው ሁሉ ማታ በፒክአፕ ተጭኖ ወደ ሌላ ልጅ ልደት ይሄዳል። ለወንድሙ ያመጣው ስጦታ ነው እኮ! የተከራያችሁት ጨርቅ እንዳይከፋው ብላችሁ የወለዳችሁትን ልጅ ታሳፍራላችሁ? ካሜራው ቢጠብቅ ምን ይሆናል? ሐምራዊ ውሻ ፎቶው ውስጥ ቢገባ ማን ይሞታል?

ይቅርታ። ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

ለፈጠራ ያለን ፍቅር ደግሞ የዕድሜ ገደብ ስላለው አደጋ የለውም። ልጁ ኬጂ ሳለ «አርቲስት ነው!» እያልን ለዘመድ ሁሉ እናሳያለን። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ሥነ ጥበብ ልማር ያለ ዕለት ግን ቤተ ዘመድ ይሰበሰባል። ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮ ሠዓሊ ሲያፈራ የኖረው አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከአራት ኪሎ ብዙም አይርቅም። የፎም ቤተ ክርስቲያን ታቅፈን ስንመለስ በዚያ በኩል እናልፋለን፤ ልጃችን ወደዚያ እንዳያይ በሌላ ወሬ እንይዘዋለን።

እንቁጣጣሽም እየመጣ ነው። ድሮ ወንዶቹ ልጆች ወረቀት ላይ ተደፍተው ይሰነብቱ ነበር። አደይ አበባ፣ ቅንድብ ያላት ፀሐይ፣ አንድ ክንፉ ከሌላው የሚበልጥ መልአክ። መስከረም 1 ጠዋት በር አንኳኩተው ይሰጡና ሳንቲማቸውን ይጠብቃሉ። ዛሬ በከለር ፕሪንተር ነው። ክንፎቹ እኩል ናቸው፤ ጥራት ጨምሯል። ባለፈው ዓመት ከሰፈራችን ልጆች ሁሉ የደረሰኝ አንድ መልአክ ነው። ሥዕሉ የወረደበት ድረ ገጽ ስም ደረቱ ላይ በግራጫ ተጽፏል።

እንግዲህ አንድ ያልተፈታ ችግር ብቻ ቀርቷል። ልጆቹ ናቸው። ያለቅሳሉ። ኬክ ይነካሉ። በፎቶ መሐል እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ያልተጠየቁትን ይስላሉ። ድቡ ይከራያል፣ ፊኛው ይከራያል፣ የደረቀ ሣር ሳይቀር ይከራያል፤ ልጁ ብቻ የራስ መሆኑ ሥራውን እያበላሸው ነው። ስለዚህ ሥራ ፈጣሪ ወጣቶች ይህን ክፍተት ቢሞሉት እላለሁ። የሚከራይ የልደት ልጅ። ፀጉሩ የተበጠረ፣ ፈገግታው የተለማመደ፣ እርሳስ ይዞ የማያውቅ። ሻማ በአንድ ትንፋሽ ያጠፋል። ከሦስት ሰዓት በላይ ከቆየ ተጨማሪ ይከፈልበታል። ግማሹ በቅድሚያ ነው። ወላጆች የግድ መገኘት አይጠበቅባቸውም።