«ጥናት እንደሚያሳየው» አትበሉኝ፣ ቁልፉ የኔ ነው!

ሆድ ይፍጀው ብዬ ልተወው ነበር። ዛሬ ጠዋት አክስቴ የላከችልኝን ካየሁ በኋላ ግን አልቻልኩም። ስለዚህ ረጅም ነው፤ የቸኮለ ይለፈኝ።

እኔ ቁልፍ የሚጠፋብኝ ሰው ነኝ። የቤት ቁልፍ። ማታ በእጄ ይዤው እገባለሁ፣ ሌላ ጊዜ ስፈልገው የለም። አንድ ቀን ስልችት ሲለኝ «ቆይ፣ ግን በሳምንት ስንቴ ነው የሚጠፋብኝ?» አልኩና መመዝገብ ጀመርኩ። በስልኬ ማስታወሻ ላይ ቀኑን፣ ጠዋት ይሁን ማታ፣ ፍለጋው የፈጀብኝን ደቂቃ እና በመጨረሻ የተገኘበትን ቦታ እጽፋለሁ። ስድስት ወር ሙሉ።

ሳቁ፣ ግድ የለም። እንዲህ ዓይነት አባዜ ያለብኝ ግን እኔ ብቻ አይደለሁም። ጆርጂያ ሉፒ እና ስቴፋኒ ፖሳቬክ የሚባሉ ሁለት ዲዛይነሮች፣ አንዷ ኒውዮርክ አንዷ ለንደን ሆነው፣ ለ52 ሳምንታት የየራሳቸውን ኑሮ ሲቆጥሩ ከርመዋል። አንድ ሳምንት ስንቴ ሰዓት እንዳዩ፣ ሌላ ሳምንት ስንቴ «አመሰግናለሁ» እንዳሉ። የቆጠሩትን በፖስትካርድ ላይ በእጃቸው እየሳሉ ይላላኩ ነበር። ካርዶቹ ዛሬ የኒውዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ገብተዋል። ምሬታቸውን የቆጠሩበት ሳምንትም አለ፤ እኔ ያንን ብሞክር ካርዱ የሚበቃኝ አይመስለኝም።

ወደ ቁልፌ ልመለስ። የመዘገብኩትን ግራፍ ላደርገው ተነሳሁ።

ሰው ግራፍ ሲያይ ሥራው ስዕሉ ይመስለዋል። ስዕሉማ የአንድ ምሽት ሥራ ነው። ሰው የሚገድለው ዳታ ማጽዳት ነው፣ የተዝረከረከውን መዝገብ አንድ ወጥ ማድረግ። ስድስት ወር የጻፍኩትን ስከፍተው የተገኘበት ቦታ በሚለው ሥር አንድ ቀን «ኪስ» ብያለሁ፣ ሌላ ቀን «ጃኬት»፣ ሌላ ቀን «የትናንቱ ጃኬት»። አንድ ቦታ ላይ «እዛው» ይላል። እዛው የት? አንድ ቀን ደግሞ «እንደተለመደው» ብዬ አልፌዋለሁ። የተለመደ ቦታ ቢኖረው መቼ ይጠፋ ነበር?

ደቂቃውስ ብትሉ! አንዳንዴ በትክክል ስላልያዝኩት «3-5» ብዬ ጽፌአለሁ፣ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ለማለት። ኤክሴል ሆዬ ቀን አድርጎት ቁጭ! ቁልፍ ፍለጋ የፈጀብኝ ጊዜ «ማርች 5» ሆነ። አንድ በአንድ መልሼ ስጽፍ አመሸሁ። በኋላ ሳነብ ግን ተጽናናሁ። ሴፕት1 እና ማርች1 የሚባሉ የሰው ጂኖች ነበሩ። ኤክሴል ስማቸውን ወደ ቀን እየለወጠ የተመራማሪዎችን ፋይል ሲያበላሽ ስለኖረ፣ በ2020 ስም አውጪው ኮሚቴ የነዚህን ጂኖች ስም ቀየረ። ልብ በሉ፣ የተሸነፈው ጂኑ ነው! እኔ ማን ነኝና ነው የማማርረው።

ከዚያ መሳል። መጀመሪያ ቀለል ያለ ፓይ ቻርት፣ ያ እንደ ዳቦ የሚቆራረጠውን ክብ ግራፍ፣ አሰብኩና ተውኩት። ክሊቭላንድ እና ማክጊል የተባሉ ሁለት የስታቲስቲክስ ተመራማሪዎች በ1984 እንዳሳዩት፣ ዓይናችን በአንድ መስመር ላይ የተቀመጡ ነገሮችን ሲያወዳድር ጎበዝ ነው፤ የማዕዘን ስፋት ሲገምት ግን ይስታል። ሰባት ቀን ወደ ሰባት ቁራሽ ተቆርጦ፣ የትኛው ቁራሽ እንደሚበልጥ ሰው አንገቱን አጣሞ ሲገምት ታየኝ። ስለዚህ ነጥብ አደረግኩት። አግድም ሰባቱ ቀናት፣ ወደ ላይ ደቂቃው፣ እያንዳንዷ ነጥብ አንድ ፍለጋ። የጠዋቱን ቀይ፣ የማታውን አረንጓዴ።

ለጓደኛዬ ሳሳየው ዝም ብሎ አየና «ቀለሙ ሁለት ነው እንዴ?» አለኝ። ቀይና አረንጓዴ አይለይለትም። ስንት ዓመት ስንተዋወቅ አላውቅም ነበር። እዚህ ላይ ጥፋቱ የኔ ነው፣ አምናለሁ። በአውሮፓ ዝርያ ወንዶች ላይ ከ12 አንዱ ገደማ እንዲህ ነው፤ ብርቅ ነገር አይደለም። ሰማያዊና ብርቱካናማ አደረግኩት። አሁን ተለየ።

ከታች ደግሞ አንዲት መስመር ጻፍኩ፦ «የአንድ ሰው ዳታ፣ ስድስት ወር፣ ራሱ የመዘገበው።» ይቺን መስመር ያዙልኝ።

ለጠፍኩት። ኮመንቱ ወረደ።

«ሥራ የለህም?» አለኝ አንዱ። እሺ። «ከምትቆጥር ማንጠልጠያ አትገዛም?» እሱም እሺ፣ ምክር ነው። «ለምን ከዜሮ አልጀመረም?» ወንድሜ፣ ከዜሮ ነው የጀመረው፤ ዜሮዋ እዛው ግራ በኩል ታች ቁጭ ብላለች፣ ሰላም በላት። ደሜን ያፈላው ግን ይሄ ነው፦ «እኔ ቁልፍ ጠፍቶብኝ አያውቅም፣ ስለዚህ ግራፉ ስህተት ነው።» የምን «ስለዚህ»? እኔ ጫማዬ ጠበበኝ ብል «ለኔ ልክ ነው» ትለኛለህ?

ይሄን ሁሉ ቻልኩት። ሰው ነው፣ በሦስት ሰከንድ አይቶ ያልፋል። ያልቻልኩት ከሳምንት በኋላ የመጣውን ነው።

አንድ የማላውቀው ገጽ ግራፌን ወስዶ ነጥቦቹን ቆጥሮ ባር ቻርት፣ ማለትም ለየቀኑ አንድ አንድ የቆመ ዓምድ፣ አደረጋቸው። ይቁጠር፣ ቆጠራው ልክ ነው። ሰኞ 14፣ ሐሙስ 12፣ ሌሎቹ በመካከል። እንግዲህ እዩት፦ በስድስት ወር ውስጥ የሁለት ነጥብ ልዩነት። ሁለት! አንድ ሰኞ እንቅልፍ ጥሎኝ ቢሆንስ? ጭራሽ ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። ሰውዬው ግን ቋሚውን ዘንግ ከ11 አስጀመረው። ታዲያ ሰኞ ከመነሻው በላይ 3 ከፍ ትላለች፣ ሐሙስ 1። ባሩ ሦስት እጥፍ ሆነ! በዚያ ላይ ጥላ ጨምሮበታል፣ ሕንፃ ይመስላል። ነጥብ ወይም መስመር ቢሆን ከዜሮ ባይጀምርም ያስኬዳል። ባር ግን የሚነበበው በቁመቱ ነው። እግሩን ቆርጠህ ቁመቱን አወዳድሩ ማለት ምን ይባላል?

ያዙልኝ ያልኳችሁ ታችኛዋ መስመርስ? ተቆርጣለች። የለችም። በቦታዋ በደማቁ እንዲህ ይላል፦ «ጥናት እንደሚያሳየው ሰዎች ቁልፋቸው የሚጠፋባቸው ሰኞ ነው።»

ሰዎች! የትኞቹ ሰዎች? እኔ ነኝ እኮ! አንድ ሰው፣ አንድ ቁልፍ፣ አንድ ጃኬት። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይሄ ነው። ለዛኛው የወረደው ኮመንት ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። «በትክክል!» «ሳይንስ አረጋገጠ!» «ሰኞ እኮ ከባድ ቀን ነው።» የኔን «ስህተት ነው» ያለው ሰውዬ ራሱ እዛ ሄዶ ልብ ሰጥቷል። ስሙን አይቼ ሁለቴ አረጋገጥኩ።

የሚያናድደው ደግሞ፣ ባር ቻርት ራሱ ሲፈጠር እንዲህ አልነበረም። ዊሊያም ፕሌይፌር የሚባል ስኮትላንዳዊ በ1786 ባሳተመው የግራፍ መጽሐፍ (አትላስ) ሌሎቹን ግራፎች በዓመታት ላይ በሚሄድ መስመር ነው የሳላቸው። ለስኮትላንድ ንግድ ግን የአንድ ዓመት ዳታ ብቻ ነበረው። መስመር መሳል ስላልቻለ ባር አደረገው። ይሄ ግራፍ ጊዜን ስለማያሳይ ከሌሎቹ ጥቅሙ ያነሰ መሆኑንም እዛው ጻፈ። ሰውዬው የጎደለውን ራሱ ተናገረ! ይኸው ከሁለት መቶ ዓመት በላይ አልፎ፣ እኔ የጎደለኝን በአንዲት መስመር ብጽፍ እሷን ነው ቆርጠው የሚጥሉት።

ለገጹ በውስጥ መስመር ጻፍኩ። በጨዋ ደንብ። «የአንድ ሰው ዳታ መሆኑን ብትጨምሩበት?» አልኩ። አውራ ጣት ላኩልኝ። በቃ፣ አውራ ጣት ብቻ። ፖስቱ እስካሁን እንዳለ ነው።

ስክሪንሾት የምታነሱ ወገኖቼ፣ ውሰዱ፣ አልከለከልኩም፤ እንዲታይ ነው የሠራሁት። ግን ከነታችኛው መስመሩ ውሰዱት። እኔም ከእንግዲህ ማስታወሻውን ታች አላደርገውም። የሚቀጥለውን ርዕሱ ላይ «የኔ፣ የብቻዬ» ብዬ ነው የምጽፈው። ያስጠላል፣ አውቃለሁ። የሚያምር ግራፍ ርዕሱ አጭር ነበር።

አሁን ወደ አክስቴ። ዛሬ ጠዋት በቴሌግራም ያንን ባለ ሕንፃውን ግራፍ ላከችልኝ። ከሥሩ «ጥናት ወጥቷል። እየው፣ ቁርጥ አንተን!» ብላለች።

«አክስቴ፣ ይሄ እኮ እኔ ነኝ» አልኳት።

«እኔስ ምን አልኩህ!»

ደወልኩላት። ከሀ እስከ ፐ አስረዳኋት። ቁልፉ የኔ መሆኑን፣ ነጥቦቹን፣ ዘንጉ ከ11 መጀመሩን፣ የተቆረጠችውን መስመር፣ ሰኞና ሐሙስ የሚለያዩት በሁለት ብቻ መሆኑን። ሩብ ሰዓት ያህል አወራሁ። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። እህ እያለች። እኔም ገባት ብዬ ደስ አለኝ።

«ይሁን ልጄ፣ ገብቶኛል» አለች በመጨረሻ። «ብቻ አንተ ሰኞ ሰኞ ተጠንቀቅ።»