ጸሎቱን ማን ይምራው?

«እግዚአብሔርን ከትምህርት ቤት ካስወጡት ስድሳ ዓመት አለፈ፤ አሁን ደግሞ ዲያቆኑን አስወጡት!» ክርክሩ በአንድ አባት ቁጣ ጀመረ። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ የምትማር ልጁ ከጓደኞቿ ጋር የጸሎት ክበብ አቋቁማለች። አንድ ዲያቆን በየሳምንቱ ረቡዕ በምሳ ሰዓት እየመጣ ሲያስተምራቸው ቆየና ርእሰ መምህሯ አስቆመችው።

አጠገቡ የነበረው ሰው በመንግሥት ትምህርት ቤት ለረጅም ጊዜ ያስተማረ ነው። «መጀመሪያ የወጣው ምን እንደሆነ እንለይ» አለው። «ኒውዮርክ ውስጥ ባለሥልጣናት 22 ቃል ያላት ጸሎት ጽፈው በየማለዳው ክፍል ውስጥ እንድትደገም አድርገው ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1962 ያስቆማት እሷን ነው፤ ጸሎት መጻፍ የመንግሥት ሥራ አይደለም ብሎ። በዓመቱ ደግሞ ፍርድ ቤቱ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ 10 የመጽሐፍ ቅዱስ ቁጥር ይነበብ የሚለውን የፔንስልቬንያ ሕግ ሻረ። ልጅህ ማዕድ ላይ አማትባ ብትጸልይ፣ ከፈተና በፊት አቡነ ዘበሰማያት ብትደግም፣ የሚከለክላት ሕግ የለም።»

«እነዚህም ልጆች ፈልገው ነው የተሰበሰቡት! ማን አስገደዳቸው?»

«ስለዚህ ነው ክበቡ ያልተዘጋው» አለ መምህሩ፣ በዚህ ላይ ረጋ ብሎ ቆየበት። የ1984ቱ የፌዴራል ሕግ፣ እኩል ዕድል የሚሰጠው፣ ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትን ይመለከታል። ትምህርት ቤቱ ከመደበኛው ትምህርት ጋር የማይገናኝ አንድ ክበብ እንኳ ከፈቀደ፣ ቼዝም ይሁን ሌላ፣ የጸሎት ክበብን በሃይማኖቱ ምክንያት ሊከለክል አይችልም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1990 ከኦማሃ በመጣ ክስ ይህን አጽንቶታል። ስብሰባው ከክፍለ ጊዜ ውጭ መሆን አለበት፤ ጠያቂዎቹም መሪዎቹም ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። መምህር ሊገኝ ይችላል፤ ግን ለጥበቃ ያህል እንጂ ተሳታፊ ሆኖ አይደለም። ከውጭ የሚመጣ ሰው ደግሞ ክበቡን መምራት፣ መቆጣጠር ወይም አዘውትሮ መገኘት አይፈቀድለትም። «ርእሰ መምህሯን ያስፈራት <አዘውትሮ> የምትለዋ ቃል ናት። ዲያቆኑ አንዳንዴ በእንግድነት ቢመጣ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር።»

አባትየው አሁንም አልተዋጠለትም። «ታዲያ ሜዳ መሐል ተንበርክኮ የጸለየው አሰልጣኝስ? እሱ አሸንፎ የለም?»

አዎ፣ በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት የብሬመርተን ትምህርት ቤት የአሜሪካ እግር ኳስ አሰልጣኝ በ2022 በ6 ለ3 ድምፅ አሸንፏል። መምህሩ የውሳኔውን ድንበር አሳየው፦ አብላጫዎቹ ዳኞች ጉዳዩን ያዩት ከጨዋታ በኋላ ሰውዬው ለራሱ እንዳደረሰው ጸሎት ነው። የተቃወሙት ዳኞች ደግሞ ተጫዋቾች ከበውት የተንበረከኩበትን ፎቶግራፍ ውሳኔያቸው ውስጥ አስገብተዋል። «አየህ፣ የተጣሉት <ጸሎቱ የማን ነበር?> በሚለው ላይ ነው። መምህር ተማሪዎችን ጸሎት ይምራ ያለ ግን የለም።»

እስካሁን ዝም ብለው ሲያዳምጡ የቆዩት እናት፣ የትምህርት ቤት ካፍቴሪያ ሠራተኛ ናቸው፣ ወደ አባትየው ዞሩ። «እሺ ልጄ፣ ይምራ እንበል። አሰልጣኙ በሚመራው ጸሎት ውስጥ የእመቤታችን ስም ይነሣል? ዐቢይ ጾምን፣ 55 ቀኑን፣ አይብ የተነሰነሰበት ፒዛ የምሰጣቸው እኔ ነኝ፤ ጾም መሆኑን እንኳ የሚያውቅ የለም። ልጅህ ከእነሱ ጋር አልንበረከክም ብትል ጨዋታ ትገባለች ወይስ ተቀያሪ ወንበር ላይ ትቀራለች? የጎረቤታችን የሙስሊሙ ልጅስ?»

«እትዬ፣ እርስዎም ልክ ነዎት» አለ፤ ግን አልተሸነፈም። «ልጄ በቀን ሰባት ሰዓት እዚያ ትውላለች። እምነት የሚባል ነገር ጨርሶ ካልተነሣ፣ የምትደብቀው ነገር ይመስላታል። በ2023 በሞንትጎመሪ ካውንቲ የእኛ ምእመናን ከሙስሊሞች ጋር ሰልፍ ባይወጡ፣ ያ የተረት መጻሕፍት ጉዳይ እዚህ ይደርስ ነበር?» የሚያነሣው፣ የተመሳሳይ ፆታ ፍቅርና የፆታ ማንነት ታሪክ ያለባቸው መጻሕፍት ሲነበቡ ልጆቻቸውን እንዲያስወጡ ወላጆች የጠየቁበትን ክስ ነው። በሰኔ 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ6 ለ3 ለወላጆቹ ወስኗል።

መምህሩ በዚህ ላይ ተስማማው። ያ ድል ወላጅ የልጁን እምነት የሚጠብቅበት እንጂ ትምህርት ቤቱን የስብከት ቦታ የሚያደርግበት አይደለም ብሎ ግን አከለ። አገር ቤትም የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ይሁን እንደሚል አስታወሰ።

እኔ የምፈርደው ለሁለቱም አይደለም። በሕጉ መምህሩ ልክ ነው፤ እኛ እዚህ አገር ጥቂቶች ነንና፣ መምህር ጸሎት አይምራ የሚለው ሕግ ከማንም በፊት የሚጠብቀው የእኛን ልጅ ነው። ግን የአባትየው ፍርሃት እውነተኛ ነው፤ ፍርሃቱን የሚመልሰው ዲያቆኑን ወደ ረቡዕ ምሳ ሰዓት መመለስ አይደለም። እስከ ቀኑ 9 ሰዓት የምትጾም ልጅ የምሳውን ሰዓት ላይብረሪ እንድታሳልፍ ጾሙ ሳይገባ በጽሑፍ ይጠየቅ። ለጃንዋሪ 7ቱ ገና ደብዳቤ ቀደም ብሎ ይላክ፤ በሜሪላንድ ለሃይማኖት በዓል መቅረት በሕግ የተፈቀደ ነው። አዋቂ ያስተምር ከተባለ ሌላ በር አለ፦ ትምህርት ቤቱ ከትምህርት ሰዓት በኋላ አዳራሹን ለማኅበረሰብ ቡድኖች ከከፈተ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2001 በሚልፎርድ ትምህርት ቤት ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ መሠረት የሃይማኖት ቡድንን ለይቶ ማስቀረት አይችልም። ማመልከቻው በማኅበሩ ስም፣ እንደ ሌላው ቡድን ይሙላ።

ረቡዕ ግን የልጆቹ ትሁን። ዲያቆኑ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የረቡዕን ውዳሴ ማርያም ያስጠናት፤ በግዕዝ ካልሆነላት በአማርኛ፣ ካልሆነም በእንግሊዝኛ። ምሳ ሰዓት ላይ ተነሥታ የምታነብበው እሷ ናት።