ማሚ፣ ክዳንሽ መጣ

ትናንት ማታ ሽሮ ልሠራ ትንሿን ድስት ፈለግኩ። እሷን ለማውጣት ስድስት ድስት፣ ሁለት መጥበሻ፣ አንድ ወንፊትና የባለቤቴን የምሳ እቃ መሬት ላይ አወረድኩ። ትንሿ ድስት የት ነበረች? ከሁሉም ስር ነዋ! የምፈልገው እቃ መቼ ከላይ ሆኖ ያውቃል? ስጎትታት ክዳኖቹ ተንሸራተው ወረዱ። አንዱ እየተንከባለለ ኮሪደሩን አልፎ ሳሎን ገባ። ልጄ ከካርቱኑ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ «ማሚ፣ ክዳንሽ መጣ» አለኝ። እዚያው ቁጭ ብዬ ላለቅስ ነበር። ቁጭ የሚባልበት ቦታ ስለሌለ ተውኩት።

ስለዚህ ዛሬ ብሶቴን እዚህ ልዘርግፈው። እቃዬን የምዘረግፍበት ቦታ የለኝም፣ ቢያንስ ብሶቴን።

የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው። አራተኛ ፎቅ፣ ባለ አንድ መኝታ። አራት ነን፤ አማቴ ከደብረ ማርቆስ ሲመጡ አምስት። እጣ የወጣለት ሰው ስለ ቤቱ ሲያማርር እንደማያምር አውቃለሁ። «ስንቱ በኪራይ እየተንገላታ አንቺ...» ልትሉ የተዘጋጃችሁ እባካችሁ ተዉኝ። የባንኩ እዳ ገና አላለቀም። ቤቱን አመስግኜ ኩሽናውን ብረግም ምን አለበት?

ሽሮው ወጣ፣ ተበላ፣ ንዴቴ ግን አልወጣም። ሜትር አምጥቼ ለካሁ። ኩሽናው ወርዱ 1 ሜትር ከ50፣ ርዝመቱ 2 ሜትር ከ10 ነው። የሲሚንቶው ጠረጴዛ 1 ሜትር ከ60። ከዚያ ላይ ሲንኩ 80ውን ወሰደ። ባለ ሁለት ዓይኑ ምድጃ 50። ለእኔ የተረፈኝ 30 ሳንቲ ሜትር ነው። የሽንኩርት መክተፊያዬ ራሱ 35 ነው! አምስቱ ሳንቲ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ነው የምከትፈው። ዶሮ ወጥ ስንት ሽንኩርት እንደሚበላ ለእናንተ አልነግርም። የፋሲካ ዋዜማ ሳሎን ምንጣፉ ላይ ትሪ ዘርግቼ ከተፍኩ። ምንጣፉ እስከ ጰራቅሊጦስ ሽንኩርት ሽንኩርት ሲል ነበር።

ይህን ኩሽና የነደፈው ሰው እንጀራ አይበላም አልልም። ይበላል። እንጀራው ከየት እንደሚመጣ ግን ጠይቆ የሚያውቅ አይመስለኝም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሸክላው ብቻ 58፣ 60 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ቆርቆሮው ሲጨመር የእኔው 66 ነው። የጠረጴዛው ጥልቀት 55። በየት በኩል ይቀመጥ? ምጣድ እንደ መጥበሻ ግድግዳ ላይ አይሰቀል፣ እንደ ትሪ በጎን አይቆም። እኔ ሞኟ በጎኑ አቁሜው ነበር፣ በፍሪጁና በግድግዳው መሃል። በሦስተኛው ሳምንት ሸክላው ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ። አዲስ ምጣድ አሟሽታችሁ፣ የመጀመሪያዎቹን አምስት እንጀራ ተጣብቆ እየተቦጫጨቀ ያያችሁ፣ ሐዘኔ ይገባችኋል።

እሺ፣ ቦታው ተገኘ እንበል። መብራቱስ? ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይጎትታል። በ220 ቮልት ስታካፍሉት 16 አምፔር አካባቢ መሆኑ ነው። የኩሽናዬ ሶኬት አንድ። ምድጃው ላይ ወጥ ጥጄ ምጣዱን ካበራሁ ብሬከሩ ቷ! ቤቱ ጨለማ። ስለዚህ ወይ እንጀራ ወይ ወጥ። ቅዳሜ ጠዋት እንጀራ፣ ከሰዓት ወጥ፣ ማታ ወገቤ።

«ኮሙናሉስ?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ኮንዶሚኒየም ሲነደፍ የጋራ መገልገያ ቤት አብሮ ተነድፏል። እንጀራ የሚጋገርበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ በግ የሚታረድበት። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። የእኛ ግቢ ኮሙናል ግን ተከራየ። መጀመሪያ የቀለም መጋዘን ሆነ፣ አሁን ጂም ነው። እኔ ፎቅ ላይ ምጣድ ተሸክሜ መግቢያ ሳጣ ታች ጎረምሶች እየጮኹ ብረት ያነሳሉ። ጡንቻ ከሆነ የፈለጉት ጀሪካኔን አራተኛ ፎቅ ቢያወጡልኝ በነፃ ያገኙት ነበር።

ጀሪካን ካልኩ አይቀር፣ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ሲመጣም እኛ ፎቅ ድረስ ለመውጣት ይደክመዋል። ስለዚህ አምስት ጀሪካን አለኝ፣ ባለ 20 ሊትር። እነሱ ከጠረጴዛው ስር ያለውን ቦታ በሙሉ ይዘውት ነበር። ከጎናቸው የሊጥ ባልዲ ነበር። ሊጥ ደግሞ ንጉሥ ነው። አይነካም፣ አይናወጥም፣ ብርድ አይወድም። ሦስት ቀን ሙሉ እሱ እንዳይረበሽ እኛ በጎን በጎን እንሄድ ነበር። አንድ ቀን ልጄ ኳስ ልኮበት አብሲት የገባበት ሊጥ እስከ ኮሪደሩ ፈሰሰ። የዚያን ሳምንት እንጀራ ከሱቅ በላን፤ ዋጋውን ሰምቼ ኳሱን ደበቅኩት።

አሁን ደግሞ ወደ ቪዲዮዎቹ። «ጠባብ ኩሽናችሁን በአምስት ደቂቃ ሰፊ አድርጉ!» የሚሉትን ታውቋቸዋላችሁ። ነጭ በነጭ የለበሰች ሴትዮ ግማሽ ኪሎ ፓስታ ብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ ትጨምራለች፣ ስም ትለጥፍበታለች፣ ፈገግ ትላለች። ከዚያ «ዓመት ያልነካችሁትን እቃ ሁሉ አስወግዱ» ትለናለች። እሺ እህቴ። ሙቀጫዬን ልጣል? ሰፌዴን? አክንባሎውን? አማቴ በመስከረም ያመጡትን 10 ኪሎ በርበሬ በየትኛው ማሰሮ ላድርገው? እኛ ቤት በርበሬ በሳምንት እየተመዘነ አይገዛም። ሲረክስ ተገዝቶ፣ ተቀንጥሶ፣ ተሰጥቶ፣ ከነቅመሙ ተፈጭቶ የዓመት ነው። ሽሮውም የዓመት ነው። ቅቤው በባልዲ። 50 ኪሎ የአዴት ጤፍ መኝታ ቤት ቆሟል፣ ባለቤቴ ማታ ማታ ሱሪውን ያስቀምጥበታል። እኔ የሚያስፈልገኝ ማሰሮ አይደለም፣ ጎተራ ነው።

እንዲህ እያልኩ ስጨቀጭቅ ባለቤቴ ባለፈው ዓመት መደርደሪያ ልሥራልሽ አለ። ሰውየው ጎበዝ ነው፣ አላማውም። ሳንቃ ገዛ፣ ድሪል ተዋሰ፣ ፊሸር (ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ብሎን የሚይዘው ፕላስቲክ) እና ብሎን አመጣ። ከሲንኩ በላይ ሁለት ደርብ ሰቀለ። አምሮ ነበር። በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ክኩን ሁሉ ወደ ላይ አወጣሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ የኩሽናዬን ወለል አየሁት። ከለሩ ቡናማ ኖሯል።

ዘጠኝ ቀን ቆየ። በአሥረኛው፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ጣራው የወረደ የሚመስል ድምፅ ሰማን። ሮጠን ስንደርስ ኩሽናው ቀይ ጉም ነው። የበርበሬው ባልዲ ክዳኑ ተከፍቶ ሲንኩ ላይ ተደፍቷል፤ ሽሮው ከላዩ ተነስንሷል። ባለቤቴ «ምንም አል...» ብሎ ሳይጨርስ ማስነጠስ ጀመረ። ልጆቹ ተነሱ፣ እነሱም አስነጠሱ። አማቴ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ወጡ። ተርፋችኋል ወይ የለ፣ ምን ሆናችሁ የለ። «የማርያም ያለህ! አሥር ኪሎ በርበሬ!» ብለው ግድግዳውን ተደገፉ። ፊት ለፊት ያሉት ጎረቤታችን በሩን አንኳኩተው «ኧረ በዚህ ሌሊት ምን እየቆላችሁ ነው?» አሉ፣ እያሳሉ።

ጠዋት ቀዳዳዎቹን አየናቸው። ግድግዳው ብሎኬት ነው፣ ብሎኬት ደግሞ ውስጡ ባዶ ነው። ድሪሉ ልስኑን ያልፋል፣ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ይበሳል፣ ከዚያ አየር ነው። ፊሸሩ ምን ይዞ ይቁም? ለቀላል ነገር ይሆናል፤ ጭልፋ፣ ወንፊት፣ አክንባሎ ስቀሉበት። ለ30 ኪሎ እህል አይሆንም። ከባድ ነገር የሚሸከመው ኮንክሪቱ ነው፣ ኮለኑና ቢሙ (ቋሚውና አግዳሚው)። የእኛ ኮለን ያለው በሩ ጥግ ነው፤ እዚያ ቢሰቀል በሩ አይከፈትም። ስለዚህ ባለቤቴ ያንኑ ሳንቃ እግር አበጅቶለት መሬት ላይ አቆመው። ወለሌን ለዘጠኝ ቀን አየሁት፣ ደህና ሰንብት።

ካቢኔት አሠሪ የምትሉ አላችሁ። አናጢ ጠርቼ ነበር። የጠራው ዋጋ የሁለት ወር ደሞዜ ነው። እንጨቱም ቺፑድ (የተጨመቀ የእንጨት ፍቅፋቂ) ነው፤ ሲንክ ስር ውሃ ሲነካው እንደ ድፎ ዳቦ ይነፋል። የጎረቤቴን አይቻለሁ፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላው በሩ አልገጥም አለ። ለጊዜው መጋረጃዬ ይበቃኛል።

አንድ ነገር ግን ተሳክቶልኛል፣ እሱን ልመስክር። ሰፈራችን ያለው በያጅ ጋ ሄጄ ከአርኤችኤስ (ውስጡ ባዶ ባለ አራት ማዕዘን) ብረት አነስተኛ ጋሪ አሠራሁ። አራቱን ጎማ ባለቤቴ መርካቶ ምናለሽ ተራ ፈልጎ አመጣ። ከላይ ምጣዱ፣ ከስሩ የሊጡ ባልዲ። ጀሪካኖቹን ወደ በረንዳ አሰደድኳቸውና ጋሪውን በእነሱ ቦታ ከጠረጴዛው ስር ገፋሁት። ስጋግር ወደ መሃል እስበዋለሁ፣ ስጨርስ ምጣዱ ከበረደ በኋላ እመልሰዋለሁ። አሥር ሳንቲ ያህል ወደ ውጭ ይወጣል። የቤቱ ሰው ሁሉ ቅልጥም ላይ ምልክቱ አለ። ግን ከጋሪው ወዲህ ሊጥ አልፈሰሰም፣ ሸክላም አልተሰነጠቀም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እስካሁን ያማረርኩት የሌላውን ጥፋት ነው፤ ይሄኛው የራሳችን ነው። ትናንት ሜትሩን እንደያዝኩ ሳሎን ገባሁ። ቡፌውን ለካሁት። 1 ሜትር ከ80! ከኩሽናዬ ጠረጴዛ በ20 ሳንቲ ይበልጣል። ውስጡ ምን አለ? ሙሉ የሸክላ ሰሃን፣ ባለወርቅ ጠርዝ። ከተጋባን ሦስቴ ወጥቷል። ሦስት ደርዘን ብርጭቆ። በሠርጋችን የተሰጡን ስድስት ፔርሙሶች፣ አምስቱ ከነካርቶናቸው። ፕላስቲክ አበባ። የባለቤቴ የኳስ ዋንጫ፣ ከሃይስኩል። ይሄ ሁሉ ደረቅ፣ ንፁህ፣ መስተዋት የተገጠመለት ቦታ ለማይመጣ እንግዳ ተይዟል። በየቀኑ የምትሠራዋ ድስቴ ግን ከስድስት ድስት በታች ናት።

ባለቤቴን «ታችኛውን ክፍል ልጠቀምበት» አልኩት። «እንግዳ ሲመጣስ?» አለ። የትኛው እንግዳ? «ኧረ እማዬ ናቸው የገዙልን፣ ቅር ይላቸዋል» አለ። እሱስ እውነት ነው። ቡፌው የአማቴ ስጦታ ነው። ከአንድ ዘመድ ጋር በጭነት መኪና መርካቶ ድረስ ሄደው የመረጡት። አቧራውን የሚወለውሉትም እሳቸው ናቸው፣ በመጡ ቁጥር።

ዛሬ ጠዋት ባለቤቴ ሥራ፣ አማቴ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ አደረግኩት። ፔርሙሶቹን አልጋ ስር ከተትኩ። በታችኛው ክፍል በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ክኩን ደረደርኩ። ኩሽና ውስጥ በተለቀቀው ቦታ ድስቶቹን ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። አንዱም አንዱ ላይ አልተጫነም። ቆሜ አየኋቸው፣ ስድስቱንም ከነትንሿ።

አማቴ ሲመለሱ ጨርቃቸውን ይዘው ቀጥ ብለው ወደ ቡፌው ሄዱ። ልቤ ወደ ላይ ወጣ። ታችኛውን በር ከፈቱት። ዝም አሉ። የበርበሬውን ባልዲ ክዳን ከፍተው አሸተቱ፣ መልሰው ገጠሙ። «እዚህ ይሻለዋል፣ እርጥበት አይነካውም» አሉ። ከዚያ ዞር ብለው «ፔርሙሶቹስ ልጄ?» አሉኝ።

«አልጋ ስር ናቸው እማዬ።»

«አንዱን ለእኔ አውጪልኝ። አገር ቤት ቡናዬ ይቀዘቅዝብኛል።»

ስድስት ዓመት! ስድስት ዓመት ሙሉ ማንን ፈርቼ ነው?

የቀረኝ መሶቡ ነው። አሁንም ፍሪጁ አናት ላይ ነው፣ የፍሪጁ በር በተከፈተ ቁጥር ይንቀጠቀጣል። ሐሳብ ያላችሁ ከታች ጻፉልኝ። «ስጪው» የምትሉ ግን አትድከሙ፣ የእናቴ ነው።