እርማት፦ ፓይለት ለመሆን የግድ ወታደር መሆን አያስፈልግም

ጋሼ፣ ለገጣፎ ታክሲ ተራ ላይ «ልጄ የመንገደኛ አውሮፕላን ማብረር ካማረው መጀመሪያ ቢሾፍቱ አየር ኃይል መግባት አለበት» ሲሉ ሰማሁዎት። ብዙ ሰው የሚያምነው ወሬ ነው፤ ግን ልክ አይደለም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦሌ ላይ የራሱ የፓይለት ማሰልጠኛ አለው። ተማሪው ሲቪል ሆኖ ገብቶ ሲቪል ሆኖ ይመረቃል። በ2010 እ.ኤ.አ. የአየር መንገዱ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን የሆነችው አምሳለ ጓሉም የወጣችው ከዚያው ነው።

ወሬው ከባዶ አልመጣም። ድሮ በየአገሩ ከጦር ኃይል የመጡ የአየር መንገድ አብራሪዎች ብዙ ነበሩ። ዛሬም ልምዳቸው ይቆጠርላቸዋል። ግን ተዋጊ ጄት ያበረረ ሁሉ ዘሎ ቦይንግ ላይ አይቀመጥም። የሲቪል ፈቃድ ማውጣት፣ አውሮፕላኑን ለይቶ መማር፣ ከጎኑ ካለው አብራሪ ጋር ተናብቦ መሥራት አለበት። በዓለም አቀፉ መስፈርት የንግድ አብራሪ ፈቃድ 200 የበረራ ሰዓት ይጠይቃል፤ እውቅና ባለው ማሰልጠኛ ከሆነ 150። ለካፒቴንነት የሚያበቃው ፈቃድ ደግሞ 1,500 ነው።

ልጅዎ በውትድርና አገሩን ማገልገል ከፈለገ ይሂድ፤ የተከበረ ሙያ ነው። ለአቋራጭ ብሎ ግን አይግባ፣ የአገልግሎት ግዴታ አለበት። አሁን ሒሳብና ፊዚክሱን፣ እንግሊዝኛውንም ያጠንክር። የአየር መንገዱን የምዝገባ ማስታወቂያም ይከታተል።