እርማት፦ «ዝርዝር ንድፍ ላይ ይስተካከላል» ለሚለው

ወንድሜ፣ ለደሴው የውኃ ፓምፕ ሥራ «መነሻ ሐሳቡ ላይ ጊዜ አታቃጥሉ፤ ዝርዝር ንድፍ ላይ ይስተካከላል» ብለሃል። (መነሻ ሐሳብ ማለት ከዝርዝር ንድፍ በፊት ዋና ዋና ምርጫዎች የሚወሰኑበት ደረጃ ነው።) ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል፤ ግን ልክ አይደለም።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የመደበኛ ኤሌክትሪክ ሞተር አቅም ግን የሚሰላው እስከ 1,000 ሜትር ላለ ከፍታ ነው። ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩን በደንብ አያቀዘቅዘውም። ስለዚህ ተለቅ ያለ ሞተር ይመረጣል። እሱ ደግሞ ኬብሉን፣ ማስነሻውን፣ የሚቀመጥበትን ኮንክሪት ሳይቀር ሊነካ ይችላል። ከፍታው የንድፉ ሥዕል ካለቀ በኋላ ከታወሰ፣ በቃ፣ ሁሉም እንደገና ይከፈታል! (እኔ ኮምቦልቻ እያለሁ ቀምሼዋለሁ።)

ወደ መነሻ ሐሳቡ መመለስ የለም አላልኩም። ሲመለሱ ግን የተለወጠው መስፈርት ይጻፋል፤ የነካቸው ክፍሎችም ተራ በተራ ይፈተሻሉ።